ግራዝማች የያዙት መጋረጃ

ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳይወድቅ የሚያድር ነገር ካለ፣ መስታወት ይሁን የቀን መቁጠሪያ፣ የሰቀለውን ሰው አክብሩልኝ። ቀላል ሰው አይደለም። እኔ በዕድሜዬ የሰቀልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱንም የሰቀልኩት በሕዝብ ፊት፣ ከእሳት በላይ፣ ትዳሬን አስይዤ ነው። ከዚያ ወዲህ መዶሻ ይዤ ያየኝ ሰው ሁሉ አጠገቤ ያለውን ሕፃን ያነሳል፣ ሰሃኑን ያነሳል፣ ከዚያም ቀስ ብሎ መዶሻውን ከእጄ ይቀበለኛል። አልቀየምም።

ዘመኑ የጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ የእስቴ ሰው ነኝ፤ የመካነ ኢየሱስ ልጅ። አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ግን ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ላይ ነበር። ስለ ከተማው ብርድ ብዙ ማውራት ይቻላል፤ ግን ስሙ ራሱ ተናግሮታልና ልለፈው። ይህን ብቻ ልበል፦ እዚያ ሰው ሰላም ሲልህ እጁን ከጋቢው አያወጣም። ጋቢው ውስጥ ሆኖ ክርኑን ነቅነቅ ያደርግልሃል፤ አንተም ክርንህን ነቅነቅ ታደርጋለህ፤ ተጨባበጣችሁ ማለት ነው። እኔ እንግዳ ስለነበርኩ እጄን እያወጣሁ ሰላም ስል ሰንብቼ ጉንፋን ጣለኝና ክሊኒክ ሄድኩ። ትርንጎን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ትርንጎ ክሊኒኩ ውስጥ በረዳትነት ትሠራ ነበር፤ መርፌ የምትወጋው እሷ ናት። መርፌውን ወደ ላይ ይዛ ጠብ ስታደርገው ፊቴን አየችና፣

"የእስቴ ሰው መርፌ ይፈራል እንዴ?" አለችኝ።

"የእስቴ ሰው ምንም አይፈራም" አልኩና ራሴን ሳትኩ።

ስነቃ በአንድ እጇ ውሃ ታርከፈክፍብኛለች፤ በሌላው እጇ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቋን ታፍናለች። እንግዲህ ስትወድቅ አይታ የሳቀች፣ ስቃም ውሃ ያመጣች ሴት ካገኘህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? እኔ ምንም አልፈለግሁም። ከተኛሁበት ሳልነሳ ሽማግሌ መረጥኩ።

አባቷ ግራዝማች አድማሱ ናቸው። በከተማው እንደሳቸው ረጅም ሰው አልነበረም፤ ቀጭን ናቸው፣ ጥቁር ካባቸው ከትከሻቸው አይወርድም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲናገሩ የሰማ የለም። እንዲያውም በጣም ቀስ ብለው ስለሚናገሩ፣ እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ይይዝላቸዋል። ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት ደግሞ ቤት አከራዬን መሪጌታ ሀዲስን ነው። መሪጌታ ቅኔ አዋቂ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው አስታራቂ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አይችሉም፦ ያለ እጃቸው መናገር። "እንዴት አደርክ" ለማለት እንኳ ሁለቱንም እጆቻቸውን ያነሳሉ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በማለዳ ሄደው ደጅ ቆሙ። እንደ ወጉ ግቡ ተባሉ። እንደ ወጉም መሪጌታ ስለ ዘንድሮው ገብስ፣ ስለ ከብቱ ጤና፣ ስለ ጻድቃን ትዕግሥት ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ሄደው ነገሩን አወጡት። 

"አስተማሪ ነው አሉ" አሉ ግራዝማች።

"አስተማሪ ነው ግራዝማች። ጨዋ ልጅ ነው።"

"ምላሱስ እንጀራው ነው፤ ይሁን። እጁ ምን ያውቃል?"

"የእሱ እጅ የማያውቀው ነገር የለም" አሉ መሪጌታ፣ ሁለት እጃቸውን እስከ ጫፍ ዘርግተው።

እሳቸው ይህን ሲሉ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ የተቀደደ ካልሲዬን እጠግን ነበር። መስፋት ስለማልችል ቀዳዳውን ሰብስቤ በክር እቋጥረዋለሁ። ስረግጠው ያመኛል፤ ግን ቀዳዳው አይታይም።

ግራዝማች "እስቲ እናያለን፤ ለእሑድ ተመለሱ" ብለው ሸኟቸው።

ይህ በሆነ በማግስቱ ከደብረ ታቦር በኩል ሲኒማ መጣ። ሲኒማ መጣ ስል በመኪና እንዳይመስላችሁ፤ በበቅሎ ነው የመጣው። ማሽኑ በአንዷ በቅሎ፣ መብራት ማመንጫው በሌላዋ፣ መጋረጃው በሦስተኛዋ ተጭኖ፣ ከኋላቸው አቶ መርዕድ የሚባል የሲኒማው ባለሙያ እስከ ወገቡ ርሶ እየተራገመ ደረሰ። ሌላ አራተኛ በቅሎ ነበረች። ወንዝ መሃል ስትደርስ ደክሟት ይሁን ሞቋት፣ ከነጭነቷ ተኛች። የተጫነችው የድምፅ ማጉያውንና የመጋረጃውን ማቆሚያ ብረት ነበር። ሁለቱም ከወንዙ ጋር ወረዱ።

"ድምፅ የለም፤ ግን ሥዕሉ ይታያል" አለ አቶ መርዕድ፣ ለተሰበሰበው ሰው። "መጋረጃው ግን ማቆሚያ ስለሌለው ግድግዳ ላይ ይሰቀልልኝ። የሚሰቅል ሰው አለ?"

የከተማው መሰብሰቢያ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ የድንጋይ ቤት ነው። መስኮትና በር የሌለበት ግድግዳ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ምድጃ አለበት። ጣሊያኑ ከእኛ የባሰ ይበርደው ነበር መሰለኝ፣ ግድግዳውን ቦርቡሮ ሙክት ሳይጎነበስ የሚገባበት ምድጃ ሠርቶበታል፤ ከላዩም በጣሪያው የሚዘልቅ ጭስ መውጫ። እሱ ከሄደ ወዲህ እሳት ነድዶበት አያውቅም። ስለዚህ መጋረጃው የሚሰቀለው ከምድጃው በላይ ነው ማለት ነው።

"የሚሰቅል አለ ወይ?" አለ ሰውዬው ደግሞ።

ግራዝማች አድማሱ ቀስ ብለው ዞሩ። ከሕዝቡ መሃል እኔን ፈልገው አገኙኝ።

"መምህሩ ይስቀለው" አሉ። "እጁ የማያውቀው የለም ተብሏል።" ከዚያ ወደ መሪጌታ ዘወር ብለው፣ "መጋረጃው ከቆመ እሑድ ኑ፤ እንነጋገራለን። ከወደቀ ግን በከንቱ ደጅ አትጥኑ" አሉ።

ትንፋሹን ይዞ የነበረው ሰው ሁሉ ተነፈሰ። እኔ ብቻ እንደያዝኩ ቀረሁ።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ሥራ ጀመርኩ። መሰላሉን ከቤተ ክርስቲያን ያመጡት መሪጌታ ናቸው፤ የሚይዙልኝም እሳቸው ናቸው። ወጥቼ የመጀመሪያውን ምስማር ብመታው እንደ ጎበዝ ተማሪ ቀጥ ብሎ ገባ። ደስ አለኝ። አንዴ ስደግመው ልስኑ ከግድግዳው ሸሸና፣ የቆሎ ሰፌድ የሚያክል ጭቃ መሪጌታ ጥምጥም ላይ አረፈ። ከልስኑ ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ሁለተኛው ምስማር ድንጋዩን ሲያገኝ ጎበጠ። ሦስተኛው ተስፈንጥሮ የት እንደሄደ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

"በድንጋዩና በድንጋዩ መሃል የወይራ ችካል አስገባበት እንጂ" አሉ መሪጌታ ከታች፣ "እዚያ፣ ከላይኛው ድንጋይ ግራ በኩል።" እዚያ ሲሉ በእጃቸው አሳዩኝ። በእጃቸው ሲያሳዩኝ መሰላሉን ለቀቁት።

ስወድቅ የያዝኩት የጭስ መውጫውን ወጣ ያለ ጠርዝ ነው። እዚያ ተንጠልጥዬ "መሰላሉን፣ መሪጌታ" እላለሁ፤ እሳቸው "ይቅር በለኝ ልጄ" ይላሉ፤ ይቅርታ ሲጠይቁ ደግሞ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ስለሚያደርጉ መሰላሉን የያዘው ሰው የለም። በኋላ ተስማማን። እኔ መሰላል ላይ እስካለሁ እሳቸው ላይናገሩ። ይህን ቃል ኪዳን የጠበቁት ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ነው። ሰውዬው ሳይናገሩ እንደዚያ ሲቆዩ እኔ ለጤናቸው ሰጋሁ።

ችካሎቹ ገቡ። መጋረጃውን ከታች በኩል በችካሎቹ ወጥሬ፣ ከላይ በኩል በገመድ ከጣሪያው አግዳሚ ጋር አሰርኩት። ያሰርኩበት ቋጠሮ አንድ የማውቀው ቋጠሮ ነው፤ የካልሲው።

በዚህ መሃል ሰው ተሰበሰበ። እንደምታውቁት ሰው መሰላል ላይ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ሁሉ መሐንዲስ ይሆናል። "ወደ ግራ ዘመመ" ይላል አንዱ። "ኧረ ወደ ቀኝ ነው" ይላል ሌላው። እኔም የሳይንስ አስተማሪ ነኝና ክር ላይ ድንጋይ አስሬ አንጠለጠልኩ። መጋረጃው ከክሩ ጋር ልክክ አለ። ዘሞ የተገኘው ቤቱ ነው። ይህን ሳስረዳ አንድ ሽማግሌ በጣም ተቆጡ። "እኛ በዚህ ቤት ይህን ያህል ዘመን ስንሰበሰብ ቤቱ ዘሞ አያውቅም፤ አንተ መጋረጃ ስትሰቅልበት ነው የዘመመው?" አሉኝ። መጋረጃውን ከቤቱ ጋር አዘመምኩትና ሁሉም "አሁን ቀና" አሉ።

ወርጄ ከሩቅ ሳየው እውነቴን ነው፣ ልቤ ተነካ። ነጭ፣ ሰፊ፣ የተወጠረ። ሰው በገዛ እጁ ሰቅሎ እንዲህ ያለ ነገር ሲቆም አይቶ አያውቅም፤ ማለት እኔ አላየሁም። ትርንጎ ከክሊኒክ ስትመለስ በሩ ላይ ቆም ብላ አየችው።

"ቆንጆ ነው መምህር" አለችኝ። "እሳቱስ?"

"የምን እሳት?"

"አባባ እሳት ሳይነድላቸው የሚቀመጡ ይመስልዎታል?"

ሄደች። እኔ ደግሞ ደስታዬ ላይ ስለነበርኩ ነገሩን ችላ አልኩት። እግረ መንገዴን ለወጣት ወንዶች ምክር ልስጥ፦ የምትወዳት ሴት "እሳቱስ" ካለችህ፣ የያዝከውን ትተህ ስለ እሳቱ አስብ።

ከቀትር በኋላ መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፈኑ። አቶ መርዕድ ማሽኑን በሩ አጠገብ ተከለ። ሕዝቡ ጋቢውን እየሰበሰበ መሬቱን ሞላው። ከዚያ ትልልቆቹ ሰዎች ገቡ፤ ግራዝማች ከፊት፣ ሌሎቹ ባለ ማዕረጎች ከኋላ። በቀጥታ ሄደው የት የተቀመጡ ይመስላችኋል? ምድጃው ሥር። በየትኛውም ቤት ከበር ርቆ እሳቱ አጠገብ ያለው ቦታ የክብር ቦታ ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቃል። ተቀመጡ፤ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባቸውን ወደ ምድጃው፣ መጋረጃው ከራሳቸው በላይ።

አቶ መርዕድ ራሱን ያዘ። በሰዉ መሃል እየረገጠ መጣና ጎንበስ ብሎ፣ "ጌታዬ፣ እዚህ ሆነው አይታይዎትም። ወደዚያ ወደ በሩ በኩል ቢሆኑ" አለ።

"ወደ በር" አሉ ግራዝማች፣ ከወትሮውም ቀስ ብለው። "እኔ በር ሥር ልቀመጥ?"

መሪጌታ ነገሩ ሳይበላሽ ገቡበት። "እዚሁ ሆነው ግራዝማች፣ ፊትዎን ብቻ ወደ መጋረጃው መለስ ቢያደርጉት" አሉ በሁለት እጃቸው ዓለምን እያዞሩ።

"ለሕዝቡ ጀርባዬን ልስጠው? ምን በደለኝ?"

አቶ መርዕድ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። "ይበርዳል፤ እሳት ይለኮስ" አሉ ግራዝማች። ትርንጎ ከሴቶቹ መሃል አየችኝ። እኔ መጋረጃውን አየሁ።

ጣሊያን ከሄደ ጀምሮ ያልነደደ ምድጃ ተለኮሰ። ጭስ መውጫው ውስጥ ቁራ ጎጆ ሠርቶበት ኖሯል፤ ጭሱ ወደ ላይ ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው ወደ እኛ መጣ። ሰዉ ሳለ። ሆኖም ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሲኒማ ምን እንደሚመስል አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ጭሱም የሲኒማው አንዱ ክፍል መሰለው።

መብራት ማመንጫው ውጭ አጓራ፤ መጋረጃው በራ። መጀመሪያ የታዩት ጃንሆይ ናቸው። ድልድይ ሊመርቁ ከመኪና ሲወርዱ። ሕዝቡ ምን ያድርግ? በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ብድግ ብሎም እጅ ነሳ።

ግራዝማች ይህን ሁሉ የሚያዩት ከፊት ለፊት ነው። ከራሳቸው በላይ ማን እንዳለ አላወቁም። ያዩት የንፋስ መውጫ ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር በአንድነት ተነስቶ ለእሳቸው ሲሰግድ ነው።

"ኧረ በእግዜር" አሉ። "ኧረ ተቀመጡ።"

ማን ይቀመጣል? ጃንሆይ ገና በእግራቸው እየሄዱ ነው።

"ኧረ በእናታችሁ፣ ይብቃ፣ ተቀመጡ" አሉ ግራዝማች። በካባቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ጭሱም ሊሆን ይችላል፤ ግን አይመስለኝም። ሰውዬውን በዚያች ደቂቃ ወደድኳቸው። ልጃቸውን ስለምፈልግ አልነበረም።

ከተማው ንፋስ መውጫ መሆኑን የረሳን ይመስል፣ በዚያች ደቂቃ ንፋሱ በጣሪያው በኩል መጣ። የቁራውን ጎጆ ነቅሎ ወደ ታች ሰደደው፤ ጎጆው እሳቱ ላይ ሲያርፍ ምድጃው ቦግ አለ፤ ትኩስ አየር ወደ ላይ ተነሳና መጋረጃው ሆዱ ተነፋ። ጃንሆይ ከነድልድዩ አበጡ። መጀመሪያ የግራው ችካል ጠብ አለ። ከዚያ የቀኙ። ከላይ ያለውን ቋጠሮ አንጋጥጬ አየሁት። "አደራህን" አልኩት በልቤ። የካልሲው ቋጠሮ ለካ የሚይዘው እግር ስለሚረግጠው ነው፤ ተፈታ።

መጋረጃው ክቡራኑ ላይ ወረደ። ዳርና ዳር የተቀመጡት እየዳሁ ወጡ። መሃል ያሉት ግራዝማች ግን ከነካባቸው ተሸፍነው ቀሩ። አቶ መርዕድ ማሽኑን አላቆመም። አፉን ወደ ታች ዘንበል አደረገው፤ ሥዕሉም መጋረጃውን ተከትሎ ወረደ።

"እናንተ" አሉ አንዲት ባልቴት ከሕዝቡ መሃል፣ "ጃንሆይ ወደቁ።"

በሩን ተደግፈው የነበሩት የፖሊስ አሥር አለቃ ከበሩ ላይ ጀርባቸውን አነሱ።

"ማን ወደቀ?" አለ ከመጋረጃው ሥር ድምፅ።

"ጃንሆይ" አሉ ባልቴቷ። "ላይህ ላይ ናቸው፤ አመድ ሊነካቸው ነው።"

እንደዚያ ያለ አነሳስ አይቼ አላውቅም። ግራዝማች መጋረጃውን እንደለበሱ ተነሱ፤ ሁለት ረጃጅም ክንዳቸውን ሽቅብ ሰደዱ፤ መጋረጃው ከእጃቸው ላይ ተዘረጋ፤ ጃንሆይም ከአመዱ ተነስተው ድልድያቸው ላይ ቆሙ። ሕዝቡ እንደገና እጅ ነሳ። አሥር አለቃው በሩን ተደገፉ።

እኔ ሮጬ አንደኛውን ጫፍ ያዝኩ። መሪጌታ ሌላውን ጫፍ ያዙ። መሃሉ ግራዝማች ናቸው። ከፊታቸው መጋረጃ፣ ከኋላቸው የቁራ ጎጆ የበላ እሳት።

"ጀርባዬ" አሉ ቀስ ብለው።

"ትንሽ ይታገሡ ግራዝማች" አልኩ። በእግሬ ጉማጁን ወደ ውስጥ እገፋለሁ፤ የካባቸው ዘርፍ መጨስ ጀምሯል።

"እንዳይወርዱ" አሉ።

"አይወርዱም።"

ድልድዩ ተመረቀ። መብራቱ ጠፋ። ሰዉ ተቀመጠ። እኔም እንግዲህ በቃን፣ ተረፍን አልኩ። አቶ መርዕድ ግን ማሽኑን ሌላ ፊልም አጎረሰው። መብራቱ ተመልሶ በራ። ከጎን አጮልቄ አየሁ። መጋረጃው ላይ አንድ ገበሬ ቆሟል። መቆፈሪያ ይዟል። ፈገግ ብሎ መሬቱን ለካ። የጤና ትምህርት ነው፤ የሽንት ቤት አቆፋፈር።

ሕዝቡ ውስጥ አንድ ሳቅ ተጀምሮ ታፈነ። ግራዝማች ከመጋረጃው ኋላ ስለሆኑ የሚታያቸው ብርሃኑ ብቻ ነው።

"ምን ያስቃቸዋል?" አሉ። "ጃንሆይ አሉ ወይ?"

መሪጌታን አየኋቸው። የዚህ ዓይነት ነገር ማለስለስ የሳቸው ሙያ ነው። መሪጌታ ግን ሁለት እጃቸው መጋረጃውን ይዟል፤ እጃቸው ከተያዘ አፋቸውም ተይዟል። ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ እኔ መለሱልኝ።

ብነግራቸው ይለቁታል። ከለቀቁት መጋረጃው ይወድቃል። ከወደቀ እሑድ የለም፤ እሑድ ከሌለ ትርንጎ የለችም። ደግሞ እንደሳቸው ላለ ሰው መዋሸት ነውር ነው።

"ልማት ነው ግራዝማች" አልኩ። "ቁፋሮ ተጀምሯል።"

"ጃንሆይ ያስጀመሩት?"

"በዘመናቸው ነው።"

"ምንድን ነው የሚቆፈረው?"

"እንግዲህ... መሠረት ነገር ነው። ጥልቀት አለው።"

"ጎሽ" አሉና ክንዳቸውን የበለጠ ቀና አደረጉ። ገበሬው ቆፈረ። ቆፍሮ ጣውላ ረበረበበት። ጎጆ ሠራለት፣ በር ገጠመለት። ከዚያም መታጠቂያውን ፈታ አድርጎ ገባና በሩን ዘጋ። ያኔ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። እኔም ከመጋረጃው ጋር መንቀጥቀጥ ያዘኝ። መሪጌታ እንባቸው በጺማቸው ይወርዳል፤ የሚጠርጉበት እጅ የለም።

"ሕዝቡ በጣም ደስ ብሎታል" አሉ ግራዝማች።

"በጣም" አልኩ።

እንዲህ ሆነን ጨረስን። ፊልሙ ሲያልቅ መጋረጃውን ከግራዝማች እጅ ተቀብለን፣ አጣጥፈን ለአቶ መርዕድ አስረከብነው። ክንዳቸው ግን አልወርድ ብሎ እጃቸው ወደ ላይ እንደተዘረጋ ነበር ከቤቱ የወጡት። መንገድ ላይ ሰው "እንዴት ዋሉ" ሲላቸው ክርናቸውን ነቅነቅ ማድረግ እንኳ አልቻሉም።

ማታውን አልበላሁም። መጋረጃው ወድቋል፤ ሕዝብ አይቷል። የተባለው ደግሞ ከወደቀ አትምጡ ነው። መሪጌታ ግን "እንሄዳለን" አሉኝ። "የምለውን አዘጋጅቻለሁ። መውደቅ ማለት መሬት መንካት ነው፤ ያልነካ ነገር ሲወርድ እንጂ ሲወድቅ አይባልም። ይህን በአራት መንገድ አስረዳቸዋለሁ።" በአራቱም መንገድ እጃቸውን እያነሱ ተለማመዱት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ። እኔ እንደ ወጉ ቤት ቀርቼ እቅበጠበጣለሁ። የሆነውን ኋላ የነገሩኝ መሪጌታ ናቸው። ግራዝማች መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት እጃቸው ጉልበታቸው ላይ እንደተኛ ነው፤ ትርንጎ ከሌሊት ጀምሮ ትከሻቸውን በቅቤ ስታሽ አድራለች። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እጃቸውን አነሱ።

"ግራዝማች፣ ትናንት በሆነው ነገር..."

"ትናንት ምን ሆነ?"

መሪጌታ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"እናንተ ትናንት የወደቀ ነገር አይታችኋል?" አሉ ግራዝማች፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ እያዩ።

መቼም ጃንሆይ ያሉበት መጋረጃ ግራዝማች አድማሱ እያሉ ወደቀ ብሎ የሚመሰክር ከጋይንት አልተወለደም። ሽማግሌዎቹ አላየንም አሉ።

"እኔም አላየሁም። መጋረጃው ቆሟል። የቆመውም በእኔ ክንድ ነው፤ ይህንንም ሁሉም አይቷል" አሉ። "ልጄ የወደደችው ሰው ነው፤ ስትስቅ አድራለች። ሰጥቻለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ ሲነሱ ግራዝማች በዓይናቸው መልሰው አስቀመጧቸው።

"አንድ ነገር አለ" አሉ ቀስ ብለው። ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። "ልጄ የምትገባበት ግቢ ሽንት ቤት ይኑረው። አቆፋፈሩን መምህሩ ያውቀዋል፤ ጥልቀት እንዳለው ነግሮኛል።"

ለካ ትርንጎ ትከሻቸውን ስታሽ ሁሉንም ነግራቸዋለች። መሪጌታ ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን አላነሱም፤ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል።

በማግስቱ መቆፈሪያ ይዤ ወጣሁ። በከተማው የመጀመሪያው ሽንት ቤት ነውና ሰዉ ጋቢውን ለብሶ ዙሪያውን ቆመ። "ወደ ግራ ሰፋ አድርገው" ይላል አንዱ። "ኧረ ቀኙ ነው የቀረው" ይላል ሌላው። ያ የመሰብሰቢያው ሽማግሌ ደግሞ ጉድጓዱ ዘሟል አሉ። ትርንጎ ውሃ ይዛ መጥታ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ አለች።

"ራስዎን እንዳይስቱብኝ" አለችኝ።

ጉድጓዱ ከራሴ በላይ ሲሆን ግራዝማች መጡ። ዘርፉ የተቃጠለውን ካባቸውን ሰብስበው ጎንበስ ብለው ወደ ታች አዩ። አንዱን ዳር አዩ፣ ሌላውን ዳር አዩ፤ መሬቱን በእግራቸው ጫን ጫን አደረጉት። እኔ ከታች አንጋጥጬ፣ ፊቴ ጭቃ ሆኖ፣ የሚሉትን እጠብቃለሁ።

"ይሄ እንኳ አይወድቅም" አሉና፣ ያ ክንዳቸው ገና እያመማቸው፣ እጃቸውን ወደ ታች ሰደዱልኝ።